የወይዘሮ ውብነሽ ገብስማ ዶሮ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰው ጉዳይ ዋና ሥራዬ ሆኗል እያሉ ልጆቼ ይቀልዱብኛል። ሐሰት አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ ሲያስተምር የኖረ ሰው ጠመኔውን ቢያስቀምጥ እንኳ አፉን ማስቀመጥ ይቸግረዋል። ስለዚህ ያን ቀን በሚኒባስ ውስጥ የሰማሁትን ክርክር ጣልቃ ሳልገባ አለፍኩት ብል የሚያምነኝ የለም።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነው። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፤ ማለዳው ብርቱ ቁር ነው። ከቤተ ልሔም በኩል ወደ ንፋስ መውጫ በምትሄድ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። የምሄደው እግሩ የተሰበረ መነጽሬን ላሠራ ነው። አጠገቤ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል አሉ። እኒህ ሰው የዜማ መምህር ናቸው፤ በእኛ አካባቢ በገበያ መሐል ሲያልፉ ሰው ከተቀመጠበት ይነሣላቸዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ውብነሽ ባለፈው ኅዳር ካረፉ ወዲህ ግን ከጉባኤያቸው በቀር የትም አይታዩም ነበርና በመንገድ ሳገኛቸው ደስ አለኝ። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው፣ ሁለት እጃቸውን ከውስጥ ደብቀው፣ ሰላምታዬን በአንገታቸው ብቻ መለሱልኝ። ብርዱ ይሆናል አልኩ።

ጥቂት እንደሄድን ከጋቢያቸው ውስጥ «ቋ… ቋ… ቋ» የሚል ድምፅ ወጣ።

መሪጌታ ሳሉ። ድምፁ ደገመ፤ መሪጌታም ሳላቸውን ደገሙ። በሦስተኛው ግን ሳሉም አላዳናቸው፤ አንድ ገብስማ የዶሮ ራስ ከጋቢው ጥለት ሥር ብቅ ብሎ ተሳፋሪውን በቁጣ ተመለከተ። ረዳቱ ሳቀ። ከፊታችን የተቀመጡት ሴቶች አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

በእኛ አገር በሬ የወንድ ነው፣ ዶሮ የሴት። ወንድ ልጅ ዶሮ ታቅፎ ገበያ ሲወጣ ከታየ መቀለጃ ነው፤ መሪጌታ ሲሆንማ ወሬው ከሚኒባሱ ቀድሞ ይደርሳል። የጋቢው ምሥጢር ይኸው ነበር።

«ሊሸጧት ነው መሪጌታ?» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ልገላገላት ነው። እንቁላል መጣሏን ትታ መታቀፍ አምሯታል። ቀኑን ሙሉ ስትቆጣ ትውላለች። የምትቀመጠው ደግሞ ውብነሽ ትተኛበት ከነበረው መደብ ጥግ ነው። ባባርራት ተመልሳ እዚያው ናት።» ጋቢያቸውን ወደ ዶሮዋ ራስ ሳብ አደረጉ። «በዚያ ጥግ ድምፅ መስማት አልቻልኩም፣ መምህር ጌታነህ።»

ከፊታችን ያሉት ወይዘሮ ጌጤ ዞር አሉ። «ለዚህማ ገበያ ምን አስወጣዎት የኔታ? አንድ ላባዋን ነቅለው በአፍንጫዋ ያሳልፉባት። እምቢ ካለች እግሯን አስረው ዘቅዝቀው ይስቀሏት። መታቀፉን ትረሳዋለች።»

ይህ የአገራችን የታወቀ መድኃኒት ነው፤ እናቴም ታደርገው ነበር።

«ምን በደለች ብለው ነው እትዬ ጌጤ? እናት ልሁን ማለት ያስቀጣል እንዴ?» አለች ከሾፌሩ ጀርባ የተቀመጠች ወጣት። ስትዞር አወቅኋት። የወይዘሮ የኔነሽ ልጅ ዕፀገነት ናት፤ የመሪጌታ ጎረቤት፣ የሟቿም የክርስትና ልጅ። እንስሳት እርባታ ተምራ በእስቴ፣ በመካነ ኢየሱስ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ገበሬ ታማክራለች፤ ለዓመት እረፍቷ እናቷ ዘንድ መጥታ ነበር።

«የኔታ፣ ይህች የክርስትና እናቴ ገብስማ አይደለችም?» አለች ዶሮዋን እያየች።

«ናት። የመጨረሻዋ።»

ሚኒባሱ ውስጥ ሳቁ ቆመ። ወይዘሮ ውብነሽን የማያውቅ ሰው አልነበረማ። ሴትዮዋ ገብስማ ዶሮዎቻቸውን ከወለዱት ልጅ ለይተው አያዩም ነበር፤ በአቅራቢያው አንዲት ልጃገረድ ስትዳር ደግሞ ከነዚያ ዶሮዎች ገና ያልጣለች አንዲት ቄብ ይዘው ሳይሄዱ አይቀሩም። ወርቅና ጥሪት የሌላት ሙሽራ እንኳ የወይዘሮ ውብነሽን ቄብ ይዛ ጎጆ ትወጣ ነበር።

ንፋስ መውጫ ስንወርድ መሪጌታ በቀጥታ ወደ ገበያው ሊያቀኑ ነበር። እኔ ግን ብርዱን በሻይ እንስበረው ብዬ እጃቸውን ያዝኩ፤ ዕፀገነትም ተከተለችን። ሻይ ቤቱ ውስጥ ዶሮዋን ከአግዳሚው ሥር አስቀመጥናት። እዚያም ሆና መቆጣቷን አልተወችም።

«ከተቆጡኝ ይቆጡኝ የኔታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች ዕፀገነት። «መታቀፍ ካሰኛት ለምን እንቁላል አያሳቅፏትም?»

«አሳቅፌያት የማላውቅ መሰለሽ? ባለፈው ዓመት አንዴ ለፋሲካ፣ አንዴም በሰኔ አሳቀፍኳት። አንድ ጫጩት እንኳ አልወጣም። ሁሉም ገማ። ውብነሽ ስታሳቅፍ ግን የሚበላሽባት ጥቂት ነበር።» መሪጌታ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ያዙት። «እኔ ገብቶኛል ልጄ። የዚያ ቤት በረከት የእሷ ነበር፤ ይዛው ሄደች። እግዚአብሔር የወሰደውን መልስ ብዬ አልሟገተውም።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልተለወጠም። ሰውዬው በራሳቸው ላይ ፈርደው ነው የመጡት። ያች ዶሮ ከተሸጠች መሪጌታ በረከት በራቀው ቤት ብቻቸውን ሊያረጁ ነው፣ ቤቱንም እንዲህ ብሎ የሰየመላቸው ሌላ ማንም አልነበረም። ያን ቀን መነጽሬን ረሳሁት።

«እንዴት አድርገው እንዳሳቀፏት ይንገሩኛል?» አለች ዕፀገነት።

«ደግሞ ልትመረምሪኝ ነው?»

«ተማሪዎ ዜማ ሲስት ከየት ላይ እንደሳተ አይጠይቁትም?»

ይህ አነጋገር ደስ አላቸው መሰል ጺማቸውን ዳሰሱ። «እሺ። ያኔ ሦስት ዶሮዎች ነበሩ፤ አውራው የጎረቤት ነው። ከሁዳዴ መግቢያ ጀምሮ የጣሉትን ሁሉ፣ በጾም የሚበላው የለ፣ በገብሱ ጎታ ውስጥ አከማቸሁ። ፋሲካ ሲቃረብ ይህችኛዋ መታቀፍ አማራት፤ አውጥቼ አሳቀፍኳት።»

«ሁሉንም?»

«ለምን ልሰስት? ሁሉንም።»

«ከዚያስ?»

«ደግሞም በንጽሕና ነው ያሳቀፍኳት፣ እንደ ሰው በዘፈቀደ አይደለም። እያንዳንዱን እንቁላል በጠበል አጥቤ፣ በነጭ ጨርቅ ወልውዬ ነው ያስቀመጥኩት። በሰኔም እንዲሁ። ሰማዩ ሲያጓራ እንዳይመታው ብረትና ከሰል ሳይቀር ከጎኑ አኑሬያለሁ። ከዚህ በላይ ምን ይደረግ?»

ዕፀገነት ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። እኔ ራሴ ጉንጬን ነክሼ ነው የቻልኩት። እሷ ግን አልሳቀችም፤ የተማረ ሰው ማለት እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሳቁን የሚገታ ነው።

«ብረቱ ይቀመጥ፤ ክፉ አላደረገም» አለች በቀስታ። «ጠበሉም አልበደለም የኔታ። የበደለው ማጠቡ ነው።»

«ምን አልሽ?»

«እንቁላል ሲጣል እርጥብ ነው፤ ወዲያው ይደርቃል። ያ የደረቀው እናቱ ያለበሰችው ስስ ልባስ ነው። ቅርፊቱ ላይ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉ፤ ጫጩቱ የሚተነፍሰው በእነሱ ነው። ልባሱ ሳለ አየር ይገባል፣ እድፍ አይገባም። ሲታጠብ ግን ልባሱ ይለቃል፣ ውኃውም ከላይ ያለውን እድፍ ይዞት ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ከዚያ በኋላ የዶሮዋ ሙቀት ያገማው እንደሆን እንጂ አይፈለፍለውም።»

መሪጌታ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ድምፃቸው ማኅሌት ላይ እንዳሉ ወፈረ። «ጠበል እድፍ ያስገባል ነው የምትይኝ? አንች ልጅ፣ ትምህርቱ እዚህ አድርሶሻል?»

እኔም «መሪጌታ፣ ልጅቷ ለማለት የፈለገችው…» ብዬ ጀመርኩ፤ ዕፀገነት ግን በዓይኗ አስቆመችኝ።

«የኔታ፣ እኔን ክርስትና ያስነሡኝ መቼ ነው?»

«በሰማንያ ቀንሽ ነዋ። ሴት ልጅ በሰማንያ፣ ወንድ ልጅ በአርባ።»

«በእናቴ ማኅፀን ሳለሁስ ለምን አላጠመቁኝም?»

«ሳትወለጂ እንዴት ተደርጎ! ሥርዓት አይደለ…» መሪጌታ እዚህ ላይ ቆሙ። የታገሉት ተማሪ ድንገት እንደጣላቸው ሁሉ ዓይናቸው ፈጠጠ።

«እንቁላሉም ለጫጩቱ ማኅፀን ነው» አለች። «ይወለድ መጀመሪያ። ሲወለድ ቤቱንም፣ ዶሮዋንም፣ ጫጩቶቹንም ጠበል ይርጩ፤ እኔም አብሬ እረጫለሁ።»

እውነቱን ልናገር፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ፤ ሽማግሌን በራሱ ሥርዓት እንዲህ በአክብሮት የረታ ሰው ግን አላየሁም። ለአዲስ ነገር የምንሟገት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የምንሸነፈው የያዝነው ሐሳብ ክፉ ሆኖ ሳይሆን የሰውዬውን ማዕረግ ረግጠን ስለምንገባ ነው። ዕፀገነት በበሩ ነው የገባችው።

መሪጌታ ግን በቀላሉ እጅ የሚሰጡ አልነበሩም። «መታጠቡን ልተወው። ያ ሁሉ እንቁላል በሱ ብቻ ገማ?»

«አይደለም። ከሁዳዴ መግቢያ እስከ ፋሲካ የቆየ እንቁላል ቀድሞ ሞቷል። ከሳምንት ብዙ ያለፈው ለድስት እንጂ ለማቀፍ አይሆንም። ደግሞ ዶሮዋ በክንፏ የምትሸፍነው አሥር፣ ቢበዛ አሥራ ሁለት ነው። ሲበዛባት ሁሉንም በየተራ ታቀዘቅዘዋለች። አዩ የኔታ፣ እኛ በጾም እንቁላል የሚበላ የለም ብለን እናከማቻለን። ጾም ግን ለማቀፍ እንዴት ያለ ጊዜ ነበር! ትኩሱን በጊዜው ብናሳቅፍ ፋሲካ ሲደርስ የሚሯሯጥ ጫጩት ነው የምናገኘው።»

«ቢፈለፈልስ? ፈንግል መጥቶ አይፈጀውም?» አሉ መሪጌታ። ፈንግል የዶሮ ወረርሽኝ ነው፤ ሲገባ የመንደሩን ቆጥ በሳምንት ባዶ ያደርገዋል። «ሁለቱን የፈጀብኝ እሱ ነው።»

«ፈንግል በእግሩ አይመጣም። ለፋሲካ የገዙትን አውራ ዶሮ የት አሳደሩት?»

«ከእነሱ ጋር፣ ቆጥ ላይ። ሌላ የት ላሳድረው?»

«ከገበያ የመጣ ዶሮ ለብቻው ሁለት ሳምንት መቆየት አለበት፤ ታሞ ከሆነ ያን ጊዜ ይለያል። ሲታመሙስ ምን አደረጉ?»

«አንዷ ሞተች። ሁለተኛዋን ሳትሞት…» አንገታቸውን ደፉ። «ገበያ ሰደድኳት። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው።»

«ሰው ሁሉ ስለሚያደርገው ነው በሽታው ከጋይንት ስማዳ፣ ከስማዳ እስቴ የሚዞረው። የሸጥናትን ሌላው ገዝቶ ቆጡ ላይ ያወጣታል። እናቴ ቤት ያሉት የተረፉት በየጊዜው በዓይናቸው ክትባት ስለማንጠባጥብላቸው ነው። ለእርስዎም ላደርግልዎት መጥቼ ነበር፤ ያሉኝን ያስታውሳሉ?»

«‹ለዶሮ ደግሞ የዓይን መድኃኒት!› ብዬ መለስኩሽ» አሉ መሪጌታ፤ በራሳቸው ላይ ፈገግ ማለት ጀምረው ነበር። «ታዲያ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ያን የፈረንጅ ዶሮ ለምን አታመጭልኝም? እንቁላሉን ያዘንበዋል ይላሉ።»

«ያዘንበዋል፤ ግን አይታቀፍም። መታቀፍን ከደሙ አውጥተውታል። መኖውም ከከተማ ነው የሚመጣው። እርስዎ ሊሸጡት የመጡት ጠባይ እኮ የሐበሻ ዶሮ ትልቁ ሀብቷ ነው። ሥራውን ራሷ ትሠራለች፤ ከእኛ የምትፈልገው እንዳናበላሽባት ብቻ ነው።»

መሪጌታ ከአግዳሚው ሥር ወዳለችው ዶሮ ጎንበስ ብለው አዩ። ከልጅቷ የጠበቁት ሌላ ነበር፤ የተማረ ሰው የሐበሻን ዶሮ ሲያመሰግን መስማታቸው ልባቸውን አለሰለሰው። የቀረው የመጨረሻው ምሽግ ክብራቸው ነበር።

«ሁሉም ይሁን። ግን ይህ የሴት ሥራ ነው ዕፀገነት። እኔ ጉባኤ ዘርግቼ፣ ድጓ እያስቀጸልኩ፣ በመሐል ብድግ ብዬ ለዶሮ ውኃ ልቅዳ? ተማሪዎቼ ምን ይሉኛል?»

«ወንጌሉን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት» አለች ዕፀገነት፣ ዓይኗን ወደ መሬት አድርጋ። «ጌታችን ለኢየሩሳሌም ሲያዝን ራሱን በአንበሳ ነው የመሰለው፣ በንስር ነው?»

መሪጌታ ከት ብለው ሳቁ። ከኅዳር ወዲህ ሲስቁ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። «በዶሮ ነው እንጂ! በጫጩቶችዋ እናት!» አሉና ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ወዲያው ደግሞ ፊታቸው ጠቆረ። «ግን አልሆነም ልጄ። ማጠብ ልማድ ሆኖብኝ ቤቴ ያለው እንቁላል ሁሉ ታጥቧል።»

«እሱን ለእኔ ይተዉልኝ» አለች።

ገበያ ሳንደርስ ተመለስን። ዶሮዋ አሁንም ጋቢ ውስጥ ናት፤ ሰው በአንድ ቀን ሁሉን አይጥልም።

በማግሥቱ ወደ መሪጌታ ቤት ብቅ ስል በሩ ላይ ሴቶች ቆመዋል። ወይዘሮ የኔነሽ ሁለት እንቁላል በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረዋል። ወይዘሮ ጌጤ፣ እኒያው የላባው መድኃኒተኛ፣ ሦስት ይዘዋል። ከወዲያ ማዶ የመጣች ምሥራቅ የምትባል አራስም ሕፃኗን አዝላ ሁለት አምጥታለች። ለካስ ዕፀገነት ወይዘሮ ውብነሽ ቄብ የሰጧቸውን ቤቶች ስትዞር ነው የዋለችው። ሁሉም ትኩስ ነው፤ ሁሉም ከገብስማ ዶሮ፤ የታጠበ የለም።

«ይኸ እትዬ ውብነሽ በሠርጌ የሰጡኝ ዶሮ የልጅ ልጅ ነው የኔታ» አለች ምሥራቅ እንቁላሉን ስትሰጣቸው። «እሳቸው ባይሰጡኝ ኖሮ በዚህ አራስነቴ የሚያቆመኝ አላገኝም ነበር።»

መሪጌታ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ እየተቀበሉ በመዳፋቸው ያሞቋቸው ነበር። በረከቱን ሚስታቸው ይዛው የሄደች መስሏቸው ዓመቱን ሙሉ ሲያዝኑ፣ እሷ ለካ በየቤቱ አስቀምጣው ኖሯል።

ዕፀገነት እጇን ሰብስባ ሥራውን ለመሪጌታ ሰጠቻቸው፤ እሷ ነጋሪ፣ እሳቸው ሠሪ ሆኑ። ቅርጫት አምጥተው ተባይ እንዳይገባ ከሥሩ አመድ ነሰነሱ፣ በላዩ ጭድ አነጠፉ፣ ጎድጎድ አደረጉት። ቅርጫቱንም ዶሮዋ በመረጠችው በዚያው የመደብ ጥግ አኖሩት። ጸሐይ ስታዘቀዝቅ ዶሮዋ ገብታ ክንፏን ዘረጋች።

«አንዱን የእኔን ደግሞ አስገቢ» አሉ መሪጌታ በመጨረሻው ሰዓት። «የታጠበውን። ፍርድ ሲፈረድ ከሳሽም ተከሳሽም ይቁም።»

ዕፀገነት ሳቀችና አንዱን በጥላሸት ምልክት አድርጋበት አስገባች፤ ቢበላሽ ሌሎቹን እንዳይበክል ግን በሳምንቱ ለማውጣት ተስማሙ።

በሳምንቱ ተሰበሰብን። መስኮት በሌለው ጓዳ ገብተን በሩን ዘጋን። ዕፀገነት የስልኳን መብራት አብርታ በቀዳዳ ካርቶን ሸፈነችውና አንዱን እንቁላል አስጠጋች። ቅርፊቱ እንደ ሻማ ወለል አለ። ውስጡ ቀጫጭን ቀይ ክሮች ተዘርግተዋል፤ በመሐላቸውም አንዲት ጥቁር ነጥብ ትር ትር ትላለች።

«ምንድን ነው የሚንቀሳቀሰው?» አሉ መሪጌታ በሹክሹክታ።

«ልቡ ነው የኔታ።»

«ሎቱ ስብሐት!» ብለው አማተቡ። ጓዳው ለጊዜው ቤተ መቅደስ ሆነ። ከዚያ ባለጥላሸቱ ተራው ደረሰ። ክር የለ፣ ትርታ የለ፤ ድፍርስ ያለ ነገር ብቻ ወዲያ ወዲህ ይላል። መሪጌታ እንቁላሉን ከእጇ ተቀብለው ለረዥም ጊዜ አዩትና «እኔ ነኝ» አሉ። «በሁለቱም ጊዜ እኔው ነኝ። የእግዚአብሔር ቁጣ አልነበረም።» ይህን ሲሉ እንደ ተከሰሰ ሰው ሳይሆን ከእስር እንደተፈታ ሰው ነበሩ። ጥፋቱ የራሱ መሆኑን ሲያውቅ እንዲህ ደስ ያለው ሰው አላየሁም።

ኅዳር ገባና የወይዘሮ ውብነሽ ሙት ዓመት ደረሰ። ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው ሰዉ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ መሪጌታ ከመሐል ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ። ቢዘገዩብኝ ተከተልኩ። ከመደቡ ጥግ ተንበርክከው ጆሯቸውን ወደ ቅርጫቱ አስጠግተዋል። ሲያዩኝ ጣታቸውን በከንፈራቸው ላይ አደረጉ። አዳመጥኩ። ከዶሮዋ ክንፍ ሥር ደቃቅ ድምፅ ይሰማል፤ አንዱ ከቅርፊቱ ውስጥ፣ ሌላው ከቅርፊቱ ውጭ። እርጥብ ጭንቅላት ብቅ አለ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ።

«ያችው ጥግ ናት» አሉኝ መሪጌታ። እንባቸው ጺማቸው ላይ ይወርድ ነበር፤ ሊጠርጉት አልሞከሩም። «ያችው ጥግ ናት፣ ጌታነህ። ድምፅ ገባባት።»

በዚያ ጥግ ድምፅ መስማት ያልቻሉት ሰው በዚያው ጥግ ተንበርክከው ድምፅ ሲለምኑ አየሁ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን አሳፍሮኝ እደብቀዋለሁ?

ጫጩቶቹ ሁሉ ደረቅ ብለው ሲወጡ መሪጌታ ጠበሉን አመጡ፤ ቤቱንም፣ ዶሮዋንም፣ ጫጩቶቹንም በስሱ ረጩ። ዕፀገነትም እንደ ቃሏ አጠገባቸው ቆማ አብራ ረጨች። ከዚያ ወዲያ ጭልፊት እንዳይነጥቃቸው ቀን ቀን በተደፋ እንቅብ ሥር ዋሉ፤ ሸለምጥማጥ እንዳይገባ ለማደሪያቸው በር ተሠራ። ውኃው በዝርግ ገል፣ ጠጠር ተደርጎበት ይቀርባል፣ ጫጩት ገብታ እንዳትሰጥም። ዕፀገነት በመጀመሪያው ሳምንት የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል ይፈርፈርላቸው ስትል ግን የገና ጾም ገብቶ ነበርና መሪጌታ «በጾም በቤቴ እንቁላል?» ብለው ተቆጡ። «ጫጩት ቆራቢ ናት እንዴ የኔታ?» አለቻቸው። ራሳቸው ቀቅለው፣ ራሳቸው ፈረፈሩላቸው፤ እጃቸውን ግን ሁለት ጊዜ ታጠቡ።

ተማሪዎቻቸው በመጀመሪያ አሾፉ። በኋላ ግን መሪጌታ ከዜማው ትምህርት ጎን ስለ ዶሮ ማስተማር ያዙ። ለማቀፍ ትኩስ እንቁላል ምረጡ፤ አትጠቡ፤ አታብዙ፤ ከገበያ የመጣችውን ለዩ፤ የታመመችውን ገበያ አትስደዱ፤ ክትባቱ ሲመጣ ተሰለፉ ይሏቸዋል። የሚደነቀው ነገር ይህ ሁሉ አዲስ ወጪ አለመጠየቁ ነው። አመዱ ከምድጃ ነው፣ ጭዱ ከአውድማ ነው፣ ዶሮዋም ራሷ ታቅፋለች። የሚገኘው ግን ብዙ ነው፤ ሕፃኑ እንቁላል ይበላል፣ አራሷ ትጠገናለች፣ እመቤቲቱ ባሏን ሳትጠይቅ ጨውና ሳሙናዋን ትገዛለች፣ ለበዓልም ከማያውቁት ቆጥ የመጣ በሽታ አይገዛም። ወንዱም እጁን ቢያስገባ ከክብሩ የሚጎድልበት እንደሌለ መሪጌታ ሕያው ምስክር ናቸው። የዘንድሮ ሁዳዴ እንቁላል በጎታ አልገማም፤ በትኩሱ ታቅፎ ሁለተኛው ዙር ጫጩት ለፋሲካ ደረሰ።

ዳግማይ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ዕፀገነት ተዳረች። ዳሱ ውስጥ ሽማግሌዎችና ካህናት ተደርድረው ሳለ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ገቡ። ጋቢያቸው ትከሻቸው ላይ ተጣጥፏል፤ በግራ ክንዳቸው ገብስማ ቄብ በግልጽ ታቅፈዋል፤ በቀኝ እጃቸው ጭድ የተሞላ ትንሽ ቅርጫት አለ። አንድ ሁለት ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። እሳቸው ግን እንደ ወትሮው ቀስ ብለው እየተራመዱ ሙሽሪት ፊት ደረሱ።

«ስጦታው የእኔ አይደለም» አሉ። «የክርስትና እናትሽ ነው። እኔ አድራሽ ነኝ።»

ዕፀገነት ቄቧን ተቀብላ እቅፍ ስታደርጋት እንባዋ መጣ። መሪጌታም ቅርጫቱን እግሯ ሥር አስቀመጡት። ጭዱን ገለጥ ሲያደርጉት ደርዘን የማይሞሉ እንቁላሎች፣ አንዳንዱ እድፍ እንዳለበት፣ አንዳንዱም ላባ ተጣብቆበት ታየ። ጎንበስ ብለው በጆሮዋ የነገሯትን እኔ ከጎን ስለነበርኩ ሰማሁት።

«አንዱንም አላጠብኩም።»